ዶላሩን ወይስ ደንበኛውን? የአገር ውስጥ ባንኮች በሐዋላ ገበያ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ፣ ከጅማ እስከ ሆሳዕና፣ በአብዛኞቹ የባንክ ቅርንጫፎች የመስታወት በር ላይ የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ምልክት ተደርድሮ ይታያል፤ ዌስተርን ዩኒየን፣ መኒግራም፣ ሪያ፣ ዳሃብሺል፣ ሌሎችም። ከጎኑ ያለው ባንክ በርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከባሕር ማዶ ገንዘብ የተላከላት እናት የሚስጥር ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ወደ አንዱ ትገባለች። የትኛው ባንክ እንደሆነ ለእሷ ብዙም ለውጥ የለውም። ወረፋው አጭር ወደሆነበት፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ አለቀ ወደማይባልበት ትሄዳለች። ገንዘቧን ቆጥራ ስትወጣም ባንኩ ስለ እሷ የሚያውቀው ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ጎረቤቱ ባንክ ብትሄድ የቀድሞው ባንክ መቅረቷን እንኳ አያውቅም።

የአገር ውስጥ ባንኮች በሐዋላ ገበያ ያላቸው ቦታ በዚህ ሥዕል ተጠቃልሎ ይታያል። ውድድር የለም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ከ30 የሚበልጡ ባንኮች ለእያንዳንዱ ዶላር ይሻማሉ። ነገር ግን የሚሻሙት በመንገዱ የመጨረሻ ጫፍ፣ ማለትም ገንዘቡ በሚከፈልበት መስኮት ላይ ነው። ላኪው ማንን ልመን፣ በየት ልላክ፣ ስንት ልክፈል ብሎ የሚወስነው በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በዋሽንግተን ወይም በጆሃንስበርግ ሆኖ ነው። ውሳኔው በሚሰጥበት ቦታ የአገር ውስጥ ባንኮች የሉም ማለት ይቻላል።

የገንዘቡን ጉዞ በአጭሩ መከተል ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ላኪው የሚከፍለው ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በደረሰኝ ላይ የሚታየው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው በምንዛሪ ተመን ውስጥ የሚደበቀው ልዩነት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ላኪው ስለ እሱ አይጠይቅም። አስተላላፊው ድርጅት ከሁለቱም ያተርፋል። ከፋዩ የኢትዮጵያ ባንክ ደግሞ ከአገልግሎት ክፍያው ላይ በውል የተወሰነለትን ድርሻ ያገኛል። ድርሻው ትንሽ ነው። ባንኩን የሚያጓጓው ግን ድርሻው ሳይሆን አብሮ የሚገባው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ዶላሩን ለአስመጪ ይሸጠዋል፣ አስመጪውን ደንበኛ ያደርገዋል፣ ከአስመጪው ኮሚሽን ያገኛል። ስለዚህ በባንኩ ዓይን የሐዋላ ተቀባይዋ ደንበኛ ሳትሆን የዶላር ምንጭ ናት፤ ደንበኛው አስመጪው ነው። የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርትም ይህንኑ ይመሰክራል። በሐዋላ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ በሚሊዮን ዶላር ተቆጥሮ በጉልህ ይጻፋል፤ በሐዋላ ምክንያት የተከፈተ ሒሳብ፣ የተቆጠበ ገንዘብ ወይም የተሰጠ ብድር ስንት እንደሆነ ግን የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም።

ለዚህ ጠባብ እይታ ባንኮቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ሕጉ ራሱ ሌላ ነገር እንዲያስቡ አላደረጋቸውም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ካገኙት የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶውን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር። የመመንዘሪያ ተመኑም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለነበር አንዱ ባንክ ከሌላው የተሻለ ዋጋ ለላኪው ማቅረብ አይችልም ነበር። በዚያ ላይ በባንክና በትይዩ ገበያ መካከል የነበረው ገደል ነበረ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር በትይዩ ገበያ ከ110 ብር በላይ ያወጣ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። 200 ዶላር የምትልክ እህት በባንክ በኩል ብትልክ ቤተሰቧ 11,400 ብር ያገኛል፤ በሌላው መንገድ ብትልክ ቢያንስ 22,000 ብር። ከ10,000 ብር በላይ ልዩነት ባለበት ቦታ ስለ አገልግሎት ጥራት፣ ስለ መተግበሪያ ውበት ወይም ስለ አገር ፍቅር መስበክ ከንቱ ድካም ነበር። በሕጋዊው መንገድ የሚልክ ሰው በፈቃዱ ግማሹን ገንዘብ የሚተው ሰው ነበር፤ ያን ያደረጉም ነበሩ፣ ቁጥራቸው ግን ገበያ አያቆምም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንኩ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድና የማስረከብ ግዴታውን ሲያነሣ ይህ ሁኔታ በአንድ ቀን ተለወጠ። በሳምንታት ውስጥ የባንኮች ተመን ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከትይዩ ገበያው ጋር የነበረው ክፍተት ጠበበ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፣ ሲሰፋም ሲጠብም ታይቷል። ከባንክ ውጭ ያሉ የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎችም ፈቃድ አግኝተው ወደ ገበያው ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ውስጥ ባንክ በዋጋ መወዳደር፣ ያገኘውን ዶላር ራሱ መያዝና ለላኪው የሚጨበጥ ጥቅም ማቅረብ የሚችልበት ሜዳ ተከፈተ። ጥያቄው ባንኮቹ በዚህ ሜዳ ምን ሠሩ የሚለው ነው።

በአብዛኛው ያደረጉት ቀድሞ ያደርጉት የነበረውን ማስፋት ነው። በገና፣ በፋሲካ፣ በአረፋና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሐዋላ ለሚቀበሉ ሰዎች የዕጣ ሽልማት ይዘጋጃል፤ መኪና፣ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክ። አንዳንዶቹ ደግሞ በየዶላሩ ላይ ከተመኑ በላይ ተጨማሪ ብር ይሰጣሉ። ጭማሪው ቢያንስ በገንዘብ ይተመናል፤ ዕጣው ግን በተለየ ሊመረመር ይገባዋል። ዕጣ የሚወጣለት ተቀባዩ ነው፤ የመላኪያውን መንገድ የሚመርጠው ግን ላኪው ነው። ለአንድ ሰው መኪና ለመስጠት የሚወጣው ወጪ ለብዙ ሺህ ላኪዎች የአገልግሎት ክፍያ መቀነሻ ሊሆን ይችል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕጣው በበዓሉ ማግስት ያበቃል፤ ደንበኛውም አብሮት ይሄዳል። ሁሉም ባንኮች በአንድ ሰሞን ሲያወጡት ደግሞ አንዱ የሌላውን ይሽራል፤ የሚጠቀመው የማስታወቂያ ድርጅቱ ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ለማግኘት መጀመሪያ ላኪውን ማወቅ ያስፈልጋል። በባንኮች ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ላኪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ሱፍ የለበሰ፣ ሻንጣ የያዘ፣ በስተጀርባው ረጃጅም ሕንፃ ያለው «ዲያስፖራ»። እንዲህ ያለ ላኪ በእርግጥ አለ። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የባንክ ካርድ አለው፣ ስልኩ ላይ ሦስትና አራት የመላኪያ መተግበሪያ ጭኖ ተመናቸውን ያነጻጽራል፣ ቤት መሥሪያ ብድር ይፈልጋል፣ ከ20 ዓመት በፊት በወጣው መመሪያ የተፈቀደውን የውጭ ምንዛሪ ሒሳብም ሊከፍት ይችላል። ለእሱ የተዘጋጀ አገልግሎት አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኢትዮ ዳይሬክት የተሰኘውን መተግበሪያ፣ ሌሎች ባንኮችም ከቴክኖሎጂ ድርጅቶች ጋር በመጣመር የራሳቸውን ማቅረባቸው ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ባንኩ ከክፍያው መስኮት ተነሥቶ ወደ ላኪው እጅ የሚጠጋበት መንገድ ነውና።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣት ግን ሌላ ሰው ነው። በከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ትንሽ ሱቅ ይነግዳል፤ የያዘው ወረቀት ብዙ ጊዜ የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃድ ነው፤ በዚያ ወረቀት የባንክ ሒሳብ መክፈት ለብዙዎች ፈተና ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከቡድን 20 አገሮች መካከል ገንዘብ ለመላክ እጅግ ውድ የሆነችው አገር ናት። ይህ ሰው የሚልከው ገንዘብ በሆሳዕና ሕንፃ ሆኖ ቢቆምም በባንክ በኩል ስላላለፈ በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ሦስተኛዋ ላኪ በመካከለኛው ምሥራቅ የምትሠራው የቤት ሠራተኛ ናት፤ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም በእሷ ላይ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌት፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከሌሎችም አካባቢዎች የሄዱ እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። በከፈላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ከቤት የምትወጣበት ቀን ውስን ነው፤ አንዳንዷ ጭራሽ አትወጣም። ደመወዟን በአሠሪዋ በኩል የምትልክ አለች፤ ከአሠሪዋ ጠፍታ የመኖሪያ ፈቃዷ የተሰረዘባት ደግሞ በሕጋዊ የምንዛሪ ቤት በር መቆም አትችልም፤ መታወቂያ ትጠየቃለችና። ያኔ የሚቀርላት መንገድ ሰው ነው፤ ድምፁን የምታውቀው፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያናግራት፣ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትእዛዟን የሚቀበል፣ በዚያው ቀን ማታ የእናቷ ስልክ ላይ ብሩ መግባቱን የሚነግራት ሰው። መደበኛ ያልሆነው ሐዋላ የተሻለ ተመን ስላለው ብቻ የሚያሸንፍ የሚመስለው ተንታኝ ይህን አላስተዋለም። ሐዋላው ፎርም አያስሞላም፣ በእሑድ አይዘጋም፣ ቋንቋዋን ይናገራል።

(ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። ሐዋላ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን በአማርኛ ለፖስታ ቤቱም፣ ለባንኩም፣ ለሕገወጡም መንገድ አንድ ዓይነት ስም ሆኖ ያገለግላል። ሕዝቡ ሁለቱን መንገዶች በስም አልለያቸውም፤ የሚለያቸው የመንግሥት መግለጫ ነው።)

የዚህች ሠራተኛ ጉዳይ ከባንኮች ትርፍ የሚያልፍ ነገር አለበት። ገንዘቡን በስሟ የምታስቀምጥበት ሒሳብ ስለሌላት የላከችው ሁሉ በአባት፣ በወንድም ወይም በባል እጅ ይገባል። ለቀለብ፣ ለሕክምና፣ ለታናናሾች ትምህርት ይውላል፤ ቤትም ይሠራበታል፤ ቤቱ ግን በስሟ አይመዘገብም። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለስ የላከችውን የሚያሳይ አንድ ወረቀት የላትም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ ብዙዎቹ በቦሌ የደረሱት በፌስታል ልብስ ይዘው ነበር። ዓመታት ሙሉ ዶላርና ሪያል ሲልኩ ለነበሩ ሰዎች ከአንድም የአገራቸው ባንክ ጋር የሚያስተሳስራቸው ደብተር አለመኖሩ የገበያ ክፍተት ብቻ ሳይሆን ትልቅ ጉድለት ነው።

እንግዲህ የአገር ውስጥ ባንክ ከዌስተርን ዩኒየን ጋር በምን ሊወዳደር ይችላል? በዓለም ዙሪያ ባለው የወኪል ብዛት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ከተመሠረተ ኩባንያ ጋር በዚህ መወዳደር ዘበት ነው። በአሜሪካ በየግዛቱ የገንዘብ አስተላላፊነት ፈቃድ ማውጣትና በየአገሩ ቅርንጫፍ መክፈትም ለአንድ የግል ባንክ አቅም ከባድ ነው። የአገር ውስጥ ባንክ ያለው፣ አስተላላፊው ግን ሊኖረው የማይችለው አንድ ነገር የአገር ውስጥ ሒሳብ ነው። ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ሁሉ፣ ማለትም ቁጠባው፣ ብድሩ፣ ክፍያው፣ መድኑ፣ የትምህርት ቤት ወጪው የእሱ ሜዳ ነው። አስተላላፊው ገንዘቡን አድርሶ ይሄዳል፤ ባንኩ ግን ይቀራል። ውድድሩ በዚህ ላይ መመሥረት ሲገባው ባንኮች የተቀባይዋን ገንዘብ ቆጥረው አስረክበው በሩን ይዘጋሉ።

መነሻው ላኪዋን ከመሄዷ በፊት ደንበኛ ማድረግ ነው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ ከጉዞ በፊት ሥልጠና ይወስዳል። ይህ ማለት በሕጋዊ መንገድ የምትሄደው ሠራተኛ ሁሉ በሚታወቅ ቀን፣ በሚታወቅ አዳራሽ፣ መታወቂያዋን ይዛ ትቀመጣለች። የፋይዳ ቁጥር ካላት የሒሳብ መክፈቻው ሥራ የደቂቃዎች ነው። በዚያ ቀን በስሟ ሁለት ሒሳብ ሊከፈትላት ይችላል፤ አንዱ ለቤተሰብ የሚላከው የሚያልፍበት፣ ሌላው የራሷ ቁጠባ ሆኖ ከእሷ በቀር ማንም የማያወጣው። ትእዛዙም አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል፦ ከሚላከው ገንዘብ ሰባው በመቶ ለእናት፣ ሠላሳው ለራሴ። እያንዳንዱ መላኪያ በተፈጸመ ቁጥር ስሌቱ በራሱ ይሠራል። ይህን ለማድረግ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ ባንኮች ለደመወዝ ተከፋዮች የሚያደርጉት ነገር ነው። ያልተደረገው የቤት ሠራተኛዋ እንደ ደመወዝተኛ ስላልታየች ነው።

ከቤተሰብ የሚነሣ ተቃውሞ እንደሚኖር መካድ አይቻልም። ልጅን ወደ ዓረብ አገር ለመላክ መሬት የሸጠ ወይም አራጣ የተበደረ ቤተሰብ ሙሉውን ገንዘብ መጠበቁ አይገርምም። ሆኖም ይህ የመከፋፈያ ድርሻውን ለላኪዋ እንዲተው እንጂ አገልግሎቱ እንዳይኖር ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ለባንኮች ትልቁ ትርፍ ያለበት ነገር፣ የሐዋላ ታሪክን እንደ ብድር ማስረጃ መቁጠር ነው። ለሦስት ዓመት በየወሩ ሳያቋርጥ ገንዘብ የተቀበለ ቤተሰብ ገቢው ከብዙ ነጋዴ ይልቅ የተረጋጋ ነው። ይሁንና መያዣ የሚሆን ቤት ከሌለው ባንኩ አያበድረውም። የኢትዮጵያ ባንክ ብድር በሕንፃና በመሬት ይዞታ ላይ የተጣበቀ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ ግድግዳ መሰንጠቅ ጀምሯል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመያዣነት እንዲውል ተፈቅዷል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ በተሰኘው አገልግሎቱ፣ ዳሸን ባንክ ደግሞ ከቴሌብር ጋር በመሆን፣ ያለ መያዣ በግብይት መረጃ ላይ ተመሥርተው አነስተኛ ብድር መስጠት ጀምረዋል። የአነስተኛ ነጋዴ የሞባይል ግብይት ለብድር ማስረጃ መሆን ከቻለ በየወሩ የሚመጣ የውጭ ምንዛሪ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ይህ ሲሆን ገንዘቡን ሁልጊዜ በአንድ ባንክ መቀበል ለቤተሰቡ ዋጋ ይኖረዋል፤ ባንክ መቀያየር ታሪክን ማጣት ይሆናልና። ዕጣ የማያመጣውን ታማኝነት ይህ ያመጣዋል። ትይዩ ገበያውም በዚህ ሊወዳደር አይችልም፤ የሐዋላ ደላላ የብድር ታሪክ አይጽፍም። ትንሽ የተመን ልዩነት ቢኖር እንኳ ብድር የምታስብ እናት ልጇን በባንክ ላኪልኝ ትላለች።

የወለድ ጉዳይም መነሣት አለበት። ከመካከለኛው ምሥራቅ ላኪዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገሪቱ አለ፤ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ተከፍቷል። ስለሆነም ቁጠባውም ሆነ ብድሩ ከወለድ ነፃ አማራጭ ሊኖረው ይገባል፤ ካልሆነ በትክክለኛው ገበያ ላይ የተሳሳተ ዕቃ ማቅረብ ነው።

ዋጋን በግልጽ ማሳወቅ ሦስተኛው ነገር ነው። በዓለም ባንክ የዋጋ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 200 ዶላር ወደ ሰሐራ በታች ወዳሉ አገሮች ለመላክ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ያስወጣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2030 ዋጋው ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። በዚያው ጥናት በዓለም ደረጃ ባንኮች ከሁሉም ውድ መንገድ ሆነው ሲገኙ፣ የሞባይል ገንዘብ ርካሹ ሆኖ ቆይቷል። የአገር ውስጥ ባንኮች በየዕለቱ የምንዛሪ ተመናቸውን ያወጣሉ፤ ላኪዋ የምትፈልገው ግን ተመን አይደለም። «ዛሬ 1,000 ሪያል ብልክ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መልስ ትፈልጋለች። ይህን መልስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ፣ በጽሑፍም በድምፅም የሚሰጥ ባንክ በሐዋላ ደላላው ሜዳ መጫወት ጀመረ ማለት ነው። ማንበብ የምትቸገር ላኪ ባለችበት ገበያ የባንኮች መተግበሪያ በእንግሊዝኛ ቁልፍ የተሞላ መሆኑ የሚያሳፍር ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ላይ ጥቂት ያስተምራል። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2009 ማዕከላዊ ባንኳ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሯና የውጭ ዜጎቿን ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር በአንድነት ባቋቋሙት መርሐ ግብር ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ መላኪያ ለላኪው ነፃ እንዲሆን አድርጋለች፤ ወጪውን መንግሥት ለባንኮች ይተካል። በዚያ በጀት ዓመት ከ8 ቢሊዮን ዶላር በታች የነበረው ሐዋላ በ2021/22 ከ30 ቢሊዮን በላይ ሆኗል። ጭማሪው ሁሉ የመርሐ ግብሩ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ የስደተኛው ቁጥርም አድጓልና። ባንግላዴሽ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ ለሚላክ ገንዘብ 2 በመቶ፣ ከ2022 ጀምሮ 2.5 በመቶ ጭማሪ ትሰጣለች። ይሁን እንጂ የምንዛሪ ተመኗ ከገበያው ሲርቅ ጭማሪው እያለም ላኪው ወደ ሁንዲ፣ ማለትም ወደ እነሱ ሐዋላ፣ ተመልሷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው፤ ጉርሻ የተመንን ስሕተት አይጠግንም። ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ፊሊፒንስ ናት። ትልልቅ ባንኮቿ ዜጎቿ በሚሠሩባቸው ከተሞች የራሳቸው ጽሕፈት ቤት ወይም በአጋር ባንክ ውስጥ ጠረጴዛ አላቸው፤ ሠራተኛው ከአገሩ ሲወጣ ሒሳብ ከፍቶ ይወጣል።

የኢትዮጵያ ባንኮች አንድ በአንድ ይህን ለማድረግ አቅም የላቸውም የሚለው ክርክር እውነት አለው። በውጭ አገር ያሉ ተጓዳኝ ባንኮች ከሕገወጥ ገንዘብ ዝውውር ቁጥጥር ጋር በተያያዘ ከትንንሽ ባንኮች ጋር መሥራት አይወዱም፤ ሰላሳ ባንኮች ሰላሳ የተለያየ ውል ከአል ራጅሒ ወይም ከአል አንሷሪ ጋር ሲደራደሩ የመደራደር አቅማቸው ይበተናል። ታዲያ ለምን ለየብቻ ይደራደራሉ? ኢትስዊችን ያቋቋሙት ራሳቸው ባንኮቹ ከብሔራዊ ባንክ ጋር ሆነው ነው፤ አንዱ ባንክ የሌላውን ካርድ እንዲቀበል ያደረገውም ይህ ትብብር ነው። በዚያው መንገድ አንድ የጋራ የሐዋላ መቀበያ ቢቋቋም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንዛሪ ቤቶች ጋር በአንድ ድምፅ መደራደርና ገንዘቡን በየትኛውም ባንክ ወዳለ ሒሳብ በቀጥታ ማስገባት ይቻላል። ባንኮቹ በመንገዱ ላይ ተባብረው በሒሳቡና በአገልግሎቱ ላይ ቢወዳደሩ ያዋጣቸዋል። አሁን የሚታየው ተገላቢጦሹ ነው፤ በመንገዱ ላይ ይሻማሉ፣ በአገልግሎቱ ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

ወረቀት የሌላትን ሠራተኛ ጉዳይ ይህ ሁሉ አይፈታውም። ባንክ መታወቂያ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይቀበልም፤ ሊቀበልም አይገባም። የእሷ ጉዳይ በኤምባሲዎችና በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ስምምነት የሚታይ ነው። ባንኮች ማድረግ የሚችሉት ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የምትሄደው ነገ ወረቀቷ ቢበላሽ እንኳ በአገሯ ያለው ሒሳቧ እንዲጠብቃት ማድረግ ነው።

ጊዜውም ባንኮችን የሚጠብቅ አይመስልም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ከውጭ የሚላክ ገንዘብም ይቀበላል። ኤምፔሳ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ አለ፤ በኬንያ ገበሬውን ከባንክ በፊት ያገኘው እሱ ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ እናት ስልክ መግባት ከጀመረ የባንክ ቅርንጫፍ መስታወት ላይ የተለጠፈው ምልክት ሁሉ ትርጉም ያጣል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ለዓመታት በአዲስ አበባ ወኪል ቢሮ ይዘው የቆዩት የኬንያ ባንኮች በሐዋላ ላይ የተመሠረተ ብድርና ቁጠባ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግራቸው አይሹም። የውጭ ባንክ ሲገባ መጀመሪያ የሚወስደው ትልልቁን አስመጪ እንጂ የወረባቦን እናት አይሆንም የሚል ግምት ይሰማል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባንኮቹ ሐዋላን የፈለጉት ለአስመጪው ሲሉ ስለነበር፣ አስመጪው ሲሄድ የሐዋላው ዶላር ለማን እንደሚሸጥ ሊያስቡበት ይገባል።

ይህን ሁሉ ለመፈተን ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። ከጉዞ በፊት ሥልጠና በሚሰጥበት በአንድ ማዕከል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ በሠልጣኞቹ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሠራተኞች፣ በየስሟ የሚከፈት ሁለት ሒሳብና በሪያድ ወይም በዱባይ ካለ አንድ የምንዛሪ ቤት ጋር የተፈረመ አንድ ውል ይበቃል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሠልጣኞቹ ውስጥ ስንቶቹ በዚያ ሒሳብ ላኩ፣ ስንቶቹ ለራሳቸው አስቀሩ፣ በስንቱ ወር አቋረጡ፣ ያቋረጡትስ ወደ የት ሄዱ የሚለው ሲቆጠር፣ ዛሬ በግምት የሚነገረው ብዙ ነገር በቁጥር ይታወቃል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ከአንድ በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወጣው መረጃ ይሆናል፤ ባንኩ መረጃውን ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆነ።